የእንግዳ ቀን

ድሬዳዋ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሃሴት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ከሙቀቱ በቀር ደኅና ነኝ።

«ሳይሰናበቱኝ ለምን ሄዱ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አውቶቡሱ ጎሕ ሳይቀድ ይነሳ ነበር፤ አንቺ ደግሞ የከሰዓት ተረኛ ነበርሽ። ተቃቅፎ መላቀስም አልወድም። ይቅርታ የሚያስፈልገው ከሆነ ይቅርታ። ሆቴሉን ለምን እንደለቀቅሁ ግን ሌላ ጊዜ እነግርሻለሁ። እስከዚያው ሙሉጌጥ የምትልሽን ሁሉ አትመኚ። እሷ ካውያ ስትይዝ ምላሷም አብሮ ይግላል።

የመጣሁበት ሆቴል ቀለሙ ገና አልደረቀም። ባለቤቱ ሐጂ ሱሌይማን ይባላሉ፤ ጨርቃ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የአልጋውንም፣ የጽዳቱንም፣ የላውንደሪውንም ኃላፊነት ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። ለፋሲካ እንከፍታለን። እዚህ የማድረቂያ ማሽን አለ። ገመድ የለም፣ ሐይቅ የለም፣ ትንኝ የለም። ማሽኑ ቢበላሽ እንኳ አንሶላውን ውጪ አስጥተሽ ፊትሽን ሳታዞሪ ይደርቃል።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። ለላውንደሪው ኃላፊ እፈልጋለሁ። የምፈልገው አንቺን ነው። ሥራ ከጀመርሽ ገና ዓመት ከመንፈቅሽ ነው፤ ቢሆንም ከእኔ እጅ የወጣሽ ስለሆንሽ ምን እንደምትችይ አውቃለሁ። ደመወዙ አሁን ከሚከፈልሽ ይሻላል፣ መኖሪያም ይሰጥሻል። ሐጂ ቦታውን እስከ ጥምቀት ያቆዩልኛል። ከዚያ ካለፈ የእህታቸውን ልጅ ያስገባሉ፤ እሷ ደግሞ አንሶላ ስታጥፍ አየኋት፣ ዓሣ የምትጠቀልል ነው የምትመስለው።

እሺ ወይም እምቢ በይኝ። «ላስብበት» የሚባል መልስ አልቀበልም።

ጋሽ አለሙን ዋናው በር ላይ ስታገኚያቸው ሰላም በይልኝ። ኮፍያቸውን ሙሉጌጥ እንድታጥብላቸው ንገሪያት።

እታፈራሁ


አዋሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እታፈራሁ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? እኔም ቤተሰቤም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሁለቱም ደብዳቤዎችዎ ደርሰውኛል። ምላሹን ያዘገየሁት የምጽፈው አጥቼ ሳይሆን በዝቶብኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በሁለተኛው ደብዳቤዎ በእርስዎ ቦታ ማን እንደተተካ ጠይቀውኛል። አቶ ማቴዎስ ናቸው፤ የመጋዘኑ። ቁልፋቸውን እንደያዙ መጡ። የትራስ ልብስ ጠዋት ይቆጥራሉ፣ ማታ ይቆጥራሉ፤ መሃል ላይ ደግሞ እኛን። አይሳደቡም። አያመሰግኑም። የእንግዳ ቀንን በመጡ በሳምንታቸው አስቀሩት። «አልጋ ይከራያል እንጂ አይታደልም» አሉ፤ በዚያው አለቀ።

ስለዚህ አዲሷ ልጅ እንደ እንግዳ ሳታድር ሥራ ጀመረች። ብርሃነሽ ትባላለች፣ ከቱላ ነው የምትመላለሰው። እጇ ፈጣን ነው፣ ቃል ግን አይወጣትም። መጀመሪያ ላይ አማርኛው የሚያስቸግራት መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ ከዘመዶቿ ጋር በሲዳምኛ ስታወራ በር ላይ ሰምቻታለሁ፣ እዚያም ቁጥብ ናት። የዕቃ ማስቀመጫ ሳጥን ሰጥተናታል፤ አትጠቀምበትም። ጫማዋን በፌስታል ይዛ ትመጣለች፣ በፌስታል ይዛ ትሄዳለች። አንድ ነገር ካስቀመጠች የምትታሰር ይመስል። የቡና ማበጠሪያው ሰው ሲቀጥር እሄዳለሁ ብላ ለሙሉጌጥ ነግራታለች።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ የራሴን የእንግዳ ቀን ነገርኳት። እርስዎ ሻንጣ ይዤ በዋናው በር እንድገባ ማዘዝዎን። ጋሽ አለሙ ኮፍያቸውን አንስተው እጅ መንሳታቸውን። ስምንት ቁጥር እንደተሰጠኝ፣ እራት እንደቀረበልኝ፣ ከነገ ጀምሮ የማጥበው አንሶላ ላይ እንደ ባለጸጋ መተኛቴን። ጠዋት በር አንኳኩተው «ምን ጎደለሽ?» ሲሉኝ «ምንም» ማለቴን። «ተመልሰሽ ተኚ፤ ምንም ያልጎደለው እንግዳ እስካሁን አላየሁም» ብለው በሩን መዝጋትዎን።

ተመልሼ ተኛሁ። ትራሱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ወጥቼ ነገርኩዎት። በዚያው ቀን ናፍጣ ከሚያነደው ቦይለር ጎን የነበረው የልብስ ገመድ ተነቅሎ ሐይቁ ዳር ተተከለ። ገና የሥራ ልብስ ያልለበስኩ ልጅ ተናግሬ ምሰሶ ተነቀለ። ይህን ለአባቴ ስነግረው አላመነኝም ነበር።

ስለ አንሶላዎቹም ነገርኳት። ገመዱ ሐይቁ ዳር ከወረደ ወዲህ ከአሥር ሰዓት በኋላ አንሶላ ውጪ እንዳይቀር የሚል ደንብ እንዳወጡ፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ትንኙ ከውኃው ላይ እንደ ጭስ ስለሚነሳ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ የፊቼ ዕለት ተረኛ ሆኜ ሳለ «አየት አድርጌ ልመለስ» ብዬ በዓሉ ወደሚከበርበት ጉዱማሌ መሄዴን። ስመለስ ነጩ ሁሉ በትንኝ አረንጓዴ ሆኖ መጠበቁን። በዚያ ምሽት ደግሞ ለግምገማ የመጡ የቢሮ ኃላፊዎች ይገቡ ነበር። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዮሴፍ መጥተው «ማነው ይህን ያደረገው?» ሲሉ እርስዎ «ገመዱን ወደ ሐይቁ ያወረድኩት እኔ ነኝ» አሉ። ውሸት አልነበረም። እውነቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ውኃ አሙቂ» ብቻ አሉኝ፤ እጅጌዎን ሰብስበው አብረውኝ አጠቡ።

ብርሃነሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ስጨርስ «እሷ የታለች?» አለች።

«ሄደች» አልኳት።

«እ» አለች። ፌስታሏን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

እትዬ፣ ከዚያ በላይ የምላት አጣሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሏት ነበር?

ስለ ድሬዳዋው፣ አባቴ «ሂጂ፣ ዕድል ሁለቴ አያንኳኳም» ይላል። እናቴ «አገሩ ይሞቃል» ትላለች። እኔ እስከ ጥምቀት ጊዜ አለኝ። አንድ ነገር ግን ይንገሩኝ፤ ሁሉም የሚለው በእነዚያ አንሶላዎች ምክንያት ነው የሄዱት ነው። እውነት ነው ወይ?

አክባሪዎ ሃሴት


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሃሴት፣ ደብዳቤሽ ረጅም ነው። ረጅም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያልወሰነ ሰው ነው።

ለብርሃነሽ ምን እንደምላት ጠይቀሽኛል። «ሄደች» ማለትሽ ልክ ነው። ሌላ ምን ትያለሽ? ስለ አንሶላዎቹ ለጠየቅሽኝ አሁንም አልመልስም። ስትወስኚ አንሶላ ቆጥረሽ እንዲሆን አልፈልግም።

እዚህ ስላለው ሥራ ልንገርሽ፤ ትስቂ እንደሆነ ሳቂ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሠራተኞች ቀጥረናል። እንደ ልማዴ የእንግዳ ቀን አሳለፍኳቸው። አንደኛው ሰለሞን ይባላል፣ ቀድሞ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሠራ ነበር። ጠዋት አንኳኩቼ «ምን ጎደለህ?» አልኩት። ቀጥ ብሎ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚጎድለኝ የሥራ ተነሳሽነት ነው፤ ሰዓት ባለማክበሬም ግለ ሂስ አደርጋለሁ» አለ። ገና አንድ ሰዓት አልሠራም እኮ!

ሁለተኛዋን ቅድስትን ጠየቅሁ። እሷ የራሷን ትታ የሰለሞንን ጉድለት ትዘረዝር ጀመር፤ ከኮሪደሩ ማዶ ሆኖ ይሰማታል። «ጓዶች» ልትል ምንም አልቀራትም። ግምገማ መስሏቸው ነው። ሦስተኛው ደግሞ አልጋው ላይ አልተኛም፤ አንሶላው እንዳይቆሽሽ ብሎ ምንጣፉ ላይ አደረ። «ምን ጎደለህ?» ስለው «አልጋ» ቢለኝ እንኳ ደስ ባለኝ ነበር። «ተመስገን» አለኝ።

ሐጂ ሰምተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አዋሳ ላይ አሥራ ስድስት ዓመት የሠራ ነገር እዚህ በሦስት ጠዋት ከሸፈ። ያንቺ ነገር ያስቸኮለኝ ይህ ነው። አልጋው ላይ ተኝቶ «ትራሱ ይሸታል» ማለት የሚችል ሰው አጠገቤ ያስፈልገኛል፤ ሌሎቹ ከእሱ አይተው ይማራሉ።

ማቴዎስን በሚመለከት አትድከሚ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን መጋዘን ውስጥ ያረጀ ሰው ሁሉንም ነገር በመደርደሪያ ላይ ነው የሚያየው፤ ሰውንም ጭምር። አሥር ዓመት አውቀዋለሁ፣ አይለወጥም። ቤቱን ለእሱ ተዪለትና ነይ።

እታፈራሁ


አዋሳ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እታፈራሁ፤

እንኳን ለገና በዓል አደረሰዎ። እናቴ «ሰላም በያት፣ ሙቀቱን ትቻለው» ብላለች።

በመካከል በላኩት ወረቀት «ምን ሆነሽ ዝም አልሽ?» ላሉኝ፣ ዝም ያልኩት አንድ ነገር እስኪያልቅ እየጠበቅሁ ስለነበር ነው። አልቋል። አይለወጥም ስላሉኝ ሰው ነው የምጽፍልዎ።

አቶ ማቴዎስ የትራስ ልብስ እየቆጠሩ ሳሉ ቀርቤ «አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ከእነዚህ አልጋዎች በአንዱ ተኝተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

«እኔ ቤት አለኝ» አሉ።

«እንግዳም ቤት አለው።»

ሙሉጌጥ ካውያዋን አቆመች። አቶ ማቴዎስ ቆጠራው ጠፋባቸውና እንደገና ጀመሩ። «ሁሉንም የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉ እየቆጠሩ። «የብርድ ልብሱን ብዛት በቃሌ ልነግርሽ እችላለሁ።»

«ብዛቱን አልጠየቅሁዎትም።»

ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ቀን አላናገሩኝም። ሙሉጌጥ «ሻንጣሽን አዘጋጂ፣ ድሬዳዋ ሳትፈልጊ መሄድሽ ነው» እያለች አላገጠችብኝ። አንድ ቀን ግን በአጠገቤ ሲያልፉ ሳይቆሙ «ማክሰኞ እንግዳ አይበዛም። ማንም እንዳይሰማ» አሉ። እርግጥ ማክሰኞ ሲደርስ ያልሰማ አልነበረም። የባለቤታቸውን ሻንጣ ይዘው በዋናው በር ገቡ። ጋሽ አለሙ ሮጠው ሻንጣውን ተቀበሏቸው፤ ባዶ ኖሮ እጃቸው ወደ ላይ ተፈናጠረ። «ጌታዬ፣ ዕቃዎን ሰርቀውዎታል!» ብለው ጮኹ። ሪሴፕሽን ያሉት በሳቅ ወንበር ስር ገቡ።

ጠዋት ብርሃነሽን አስከትዬ ሄጄ ስምንት ቁጥርን አንኳኳሁ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፋቸውን ይዘው ከፈቱ።

«ምን ጎደለዎት?»

«ምንም። ሁሉም በቦታው ነው።»

«እንግዲያው ተመልሰው ይተኙ። ምንም ያልጎደለው እንግዳ አናውቅም» አልኳቸው። ድምፄ የእርስዎ ነበር። ብርሃነሽ አፏን በእጇ ያዘች። አቶ ማቴዎስ ሁለታችንንም ተራ በተራ አዩንና በሩን ዘጉት። ጫማቸው ሲወልቅ ሰማን። አልጋው ሲጥ ሲጥ አለ። ረጅም ጊዜ ቆምን።

ሲከፍቱ ኮት አልነበራቸውም። «ብርድ ልብሱ ያጥራል» አሉ። «ወደ ላይ ስስበው እግሬ ይወጣል፣ ወደ ታች ስገፋው ደረቴ።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀነስ አድርገው «የገዛሁት እኔ ነኝ። ረጅሙም ነበር። አጭሩን መረጥኩ» አሉ።

ብርሃነሽ «ለእግር ብቻ የሚሆን ብርድ ልብስ እኛ ቤት አለ፣ ላምጣ?» አለች። ከገባች ጀምሮ የተናገረችው የመጀመሪያ ቀልድ ነው። አቶ ማቴዎስ ምን እንደሚሉ ጠበቅን።

«ነገ ይዘሽ ነይ» አሉ።

ይኸው ነው እትዬ። የእንግዳ ቀን ተመልሷል። ለብርሃነሽ ከገና በኋላ ቀን ተቆርጦላታል። የቡና ማበጠሪያው መቅጠር ስለጀመረ ከዚያ በፊት ትሄድ ይሆናል የሚል ፍርሃት አለኝ። ስለ ድሬዳዋ የሚጠብቁትን መልስ አሁንም አልያዝኩም። እንዳይቆጡኝ።

አክባሪዎ ሃሴት


ድሬዳዋ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሃሴት፣

ማቴዎስን አልጋ ላይ አስተኝተሽ ጫማ አስወለቅሽው። ተሸንፌያለሁ። ሐጂ ደብዳቤሽን አስነብቤያቸው «ይህችን ልጅ እግሯን አጥበሽም ቢሆን አምጪልኝ» ብለውኛል።

ጥምቀት ስለደረሰ ያቆየሁትን ሁሉ ልመልስ።

ማንም አላባረረኝም። አንሶላውን አቶ ዮሴፍ በሳምንቱ ረስተውታል፤ እንዲያውም ከገምጋሚዎቹ አንዱ ትራሱ ላይ ትንኝ አግኝቶ «ይህስ ከማን ጋር ነው የተሰለፈው?» ብሎ ሲያስቃቸው አመሸ። የለቀቅሁት የተሻለ ቦታ ስላገኘሁ ነው። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም። አሥራ ስድስት ዓመት በቅን ሠራሁ፣ የተሻለ ሲመጣ ወጣሁ፤ አላፈርኩበትም። አንቺም ስትወጪ አታፍሪ። ሙሉጌጥ የምታወራው ተረት ያማረ ነው፤ ግን ለተረት ብለሽ አንድ ቦታ እንዳትቀሪ።

ሌላው ነገር ስለ ገመዱ ነው። ይህን የምነግርሽ ነገ ራስሽ ስለምትሠሪበት ነው። ገመዱን ለማዞር አንቺ ከመቀጠርሽ በፊት ወስኜ ነበር። የናፍጣውን ሽታ ቀድሜ አውቀዋለሁ። አዲስ ሰው እስኪመጣ አቆየሁት። ሙሉጌጥ ስትቀጠር የካውያው ጠረጴዛ ወገብ እንደሚቆርጥ አውቅ ነበር፤ እሷ እስክትናገረው ጠበቅሁ፣ በተናገረች ማግሥት አናጢ አስመጣሁ። ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው አንድ ብልሽት አቆያለሁ። ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ቃሉ ሲሰማ ቤቱን ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ብትገፊውም አይወጣም። ተንኮል እንዳትይው። አናጢም ምስማር ከመምታቱ በፊት ቀዳዳውን ያበጃል።

እዚህ ያቃተኝ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባሻል። ቤቱ አዲስ ነው። አልጋው አዲስ፣ ትራሱ አዲስ፣ ብርድ ልብሱም ረጅም። የማቆየው ብልሽት የለኝም። ሁለት ሆነን ግን መላ አናጣለትም።

እንግዲህ ሁሉንም ታውቂያለሽ። በጥምቀት ዋዜማ ሐጂ ይጠይቁኛል። መልስሽን በሰው ላኪልኝ።

እታፈራሁ


አዋሳ፣ ጥር 7 ቀን 1995 ዓ.ም.

ለውድ እትዬ እታፈራሁ፤

ይህን ደብዳቤ ይዞልዎት የመጣው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ሾፌር ነው፣ ምሳ ሳይበላ እንዳይሰዱት። መልሴን ከጥምቀት በፊት እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ብርሃነሽ ልንገርዎት፤ መልሴ ከዚያ ውስጥ ነው ያለው።

የእንግዳ ቀኗ ትናንት ነበር። አቶ ማቴዎስ ከእኛ በቀር ለማንም ሳይናገሩ ስምንት ቁጥርን አስያዙላት፤ በር ላይም አልተናገሩም፣ እንደ ማንኛውም እንግዳ ትግባ ብለው። እኛ ላውንደሪ ሆነን እየጠበቅን ነው። ብርሃነሽ በጓሮ በር ገባች። የክት ቀሚሷን ለብሳለች፣ የእናቷን ቦርሳ ይዛለች። ቦርሳውን ጥግ ላይ አስቀመጠች፣ ከቀሚሷ በላይ ገዋኗን ደረበች፣ የትራስ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

«ምን እየሠራሽ ነው? ዛሬ እንግዳ ነሽ እኮ!» አልኳት።

«በጓሮ የገባ ሠራተኛ ነው» አለች።

ሙሉጌጥ ናት ያወጣጣቻት። በዋናው በር ስትመጣ ጋሽ አለሙ አስቆሟት። ሁልጊዜ በገዋን ነው የሚያዩዋት፣ ያውም በሩቅ፤ አላወቋትም። ቦርሳዋን አይተው ቅቤ ሻጭ መሰለቻቸውና «የኔ ልጅ፣ ቅቤ የሚገባው በጓሮ ነው» አሏት። እሷም አልተከራከረችም። ዞራ በጓሮ መጣች። «እናቴንም እንዲሁ ነው የሚሏት» አለች፤ «እናቴ ደግሞ እውነትም ቅቤ ነው የያዘችው።» ይህን ስትል ፈገግ ብላ ነበር። እኔ ግን የባሰብኝ ያ ፈገግታ ነው። ፌስታሉ ከእጇ ያልወጣው ለምን እንደሆነ ገባኝ።

አቶ ማቴዎስ ደጃፉ ላይ ቆመው ሰምተዋል። ገባ ብለው እንደ እርስዎ ቀጥ ብለው ቆሙና «ምን ጎደለሽ?» አሏት። ገና አላደረችም፣ ክፍሉን አላየችም።

«በር» አለች።

የሚቆጡ መስሎኝ ሙሉጌጥን አየሁ። እሷም እኔን አየችኝ። አቶ ማቴዎስ ቁልፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ትተውት ሲሄዱ አይቼ አላውቅም። ቦርሳዋን አነሱላትና «ነይ» አሉ። በጓሮ ወጥተው፣ አጥሩን ዞረው፣ ሁለቱም በዋናው በር መጡ። ከመስኮት እያየናቸው ነው። ጋሽ አለሙ ተደናግጠው ቆሙ።

«ሁለት እንግዶች ነን» አሉ አቶ ማቴዎስ።

«ኧረ ጌታዬ፣ እርስዎንማ—»

«እሷን ያስቀድሙ።»

ጋሽ አለሙ ለብርሃነሽ ኮፍያቸውን አነሱ። ከዚያ ቦርሳውን ተቀበሏት። ይህኛው ባዶ አልነበረም፤ አጎነበሳቸው። ማታ ላውንደሪ ድረስ መጥተው «ዓይኔ ደክሟል እንጂ ክፋት አልነበረብኝም» ሲሉ አቶ ማቴዎስ «ከትንሣኤ በኋላ እርስዎም ያድራሉ፤ እስኪ ለእርስዎም አንድ ቀን በሩ ይከፈትልዎ» አሏቸው። እኔ እንጃ፣ የሚያድሩ አይመስለኝም፤ አልጋ ልብስ ላይ መተኛት ያሳፍረኛል ብለዋል።

ብርሃነሽ ዛሬ ጫማዋን አሁንም በፌስታል ይዛ መጣች። ሲመሽ ግን ፌስታሉን ሳጥኗ ውስጥ ትታው ሄደች። ሙሉጌጥ ሁለቴ ከፍታ አረጋግጣለች።

አሁን መልሴ። አልመጣም።

በደመወዙ እንዳይመስልዎ፤ ደመወዙ መልካም ነው። ስለ አንሶላዎቹም አይደለም። ማንም እንዳላባረረዎ ገና ኅዳር ላይ አውቅ ነበር፤ አቶ ዮሴፍን ራሳቸውን ጠየቅኳቸው። ከእርስዎ አፍ መስማት ፈልጌ ነው የጠየቅሁዎት።

የገመዱንም ነገር አውቃለሁ። ያደርኩበት ስምንት ቁጥር መስኮቱ ወደ ሐይቁ ነው። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ ለምሰሶዎቹ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ይታዩኝ ነበር። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። እኔ ስለ ትራሱ ከመናገሬ በፊት ማለት ነው። እንደሚያውቁ አውቄ ነው የነገርኩዎት። ቤቱን ያስያዘኝ ጉድጓዱ አልነበረም፤ ጉድጓዱ ተቆፍሮ እያለ በር ላይ ቆመው መጠየቅዎ ነው። ለአንድ አዲስ ልጅ ያን ያህል የሚደክም ሰው ያለበት ቤት ነው ብዬ ገባሁ።

እርስዎ ሄዱ፣ ቤቱ ግን እዚህ ነው። በደንብ አስተምረውኛል፤ ጥፋቱ የእርስዎ ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ለብርሃነሽ በር አስቀድሞ ጉድጓድ የቆፈረ ማንም አልነበረም። አሥራ ስድስት ዓመት የእንግዳ ቀን ሲደረግ በሩ ለማን እንደማይከፈት አልታወቀም፤ ያደርነው ሁላችንም በሩ የሚከፈትልን ነበርን። የድሬዳዋው ሆቴል አዲስ በመሆኑ አይዘኑ። እርስዎ ራስዎ አስቀድመው የማያውቁትን ጉድለት ይጠይቋቸው።

ሲመቸዎ ይምጡ። በዋናው በር ይግቡ። ጠዋት «ምን ጎደለዎት?» ብዬ እጠይቅዎታለሁ። «ምንም» ካሉኝ አልቀበልዎትም።

ሁልጊዜም አክባሪዎ ሃሴት


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 2 ቀን 1995 ዓ.ም.

ሃሴት፣ በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ናዝሬት ላይ ጎማ ፈነዳበት፣ ሌላ ችግር አልነበረም።

ወደ አዋሳ ስመጣ የሐጂን የእህት ልጅ ነበር ተክቼ የመጣሁት። ላውንደሪውን እንደተውኩት አገኘሁት። አንሶላም ማጠፍ ችላለች። ሰለሞን ደግሞ «ምን ጎደለህ?» ስለው በሦስተኛው ጊዜ «ምሳ ሰዓት ላይ የምቀመጥበት ወንበር» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለሠራተኛ ወንበር አልተገዛም ነበር። እኔ አላየሁትም። ገዛን።

ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ። ማቴዎስ ብርድ ልብሱን ማስረዘሙን እግሬ መስክሯል። ብርሃነሽ እራቴን ይዛ ስትመጣ «ሾርባው ይቀዘቅዛል፣ ቶሎ ይብሉ» ብላ ተቆጣችኝ፤ ቤቷ ውስጥ እንዳለ ሰው።

ጠዋት «ምን ጎደለዎት?» ስትይኝ «ምንም» አልኩሽ። ተመልሼ እንድተኛ አደረግሽኝ። ሁለተኛም «ምንም» አልኩሽ፤ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ ነው ለቀሽ የሰደድሽኝ። መንገድ ላይ ሳስበው ያን ሁሉ ሰው አስተኝቼ እኔ ራሴ በዚያ ሆቴል አልጋ ላይ አንድ ቀን አድሬ አላውቅም ነበር። ናዝሬት ላይ ጎማው ሲቀየር መልሱ መጣልኝ። ስለዚህ አሁን ልመልስ፤ የዘገየ ቢሆንም ተቀበዪኝ።

ስምንት ቁጥር መስኮቱ ሲከፈት ሐይቁ አይታይም። የሚታየው አንሶላ ነው። ሰው ከሩቅ አገር ሐይቅ ሊያይ መጥቶ፣ ትናንት የተኛበት አንሶላ ተሰቅሎ እያየ ቁርሱን መብላት የለበትም። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ከጓሮ ሆኜ ነው የመረጥኩት።

ገመዱን አዙሩት።

እታፈራሁ